ሳልህን ደብቅ ያልኩህ እኔ ነኝ

ውድ ወንድሜ ሽብሩ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጎረቤታችን ጀሚሊያ ጉልበቷ ተሽሏት ሱቋን ከፍታለች። ልጇ ሒባም በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ትናንት ጀሚሊያ ብቅ ብላ «ያ ቀልደኛ ወንድምሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ...

ተወው። ማን መጣ፣ ማን ምን አለ እያልኩ የምዞረው ዋናውን መጻፍ ፈርቼ ነው።

ገሪማን ቀበርነው። ከእስር ቤት ክፍላችሁ ወደ ሆስፒታል በተወሰደ በአምስተኛው ቀን አረፈ። የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ዘግይቷል አሉ።

ያን እሑድ ታስታውሳለህ? በሁለቱ አጥር መሀል ጠያቂው ሁሉ ሲጮህ፣ አንተም «እታለም፣ ሳሉ አልለቀቀኝም፤ ለሲስተር ሀዊ ልንገራት?» ብለህ ስትጮህ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። የሚያስል ሰው ለብቻው ይደረጋል፣ ጠያቂም አያይም ሲሉ ሰምቼ ነበር። ያቺን የእሑድ ሩብ ሰዓት እንዳላጣት ብዬ! ገሪማ አጠገብህ ቆሞ፣ እሱም እየሳለ፣ «ለኔም ነው እንዴ እትዬ?» አለኝ።

«ላንተም ነው፣ አንተ ለፍላፊ!» አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቅን፣ ሽብሩ።

ወናጎ ለለቅሶው ስሄድ እናቱ እትዬ ጽጌማርያም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ስንቅ ይዘን ስንት እሑድ እዚያ በር ላይ አብረን ተሰልፈናል! እጄን ይዛ «አንቺ ታዪው ነበር፤ ልጄ ያስል ነበር እንዴ? ለኔ አልነገረኝም» አለችኝ።

«እንጃ፣ አላስተዋልኩም» አልኳት። ልጇን በቀበረች እናት ፊት ዋሸሁ።

ሲስተር ሀዊን እስር ቤቱ ክሊኒክ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። ከገሪማ ወዲህ ሰኞ ሰኞ በቆጠራ ሰዓት የሚያስለውን እየለዩ አክታ ይመረምራሉ። መድኃኒቱ በነፃ ነው። ለብቻ የሚያስቀምጡትም መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። «በጊዜ የመጣ ይድናል፤ የሚያስቸግረን የሚደብቀው ነው» ስትለኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ስምህን ነገርኳት። ከፈለግህ ተቆጣኝ።

እትዬ ጽጌማርያም ጋም ተመልሼ እሄዳለሁ። በሯን ብትዘጋብኝም ደጇ ላይ ቆሜ እውነቱን እነግራታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በር ላይ ከፍተው እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ያንብቡት፣ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ እዚያ ያለ የሚያስል ሁሉ ይስማኝ።

አንተ ግን ሰኞ ስምህ ሲጠራ አትደበቅ። እሑድ መጥቼ «ሽብሩ ለብቻው ነው፣ አታዪውም» ካሉኝ፣ ስንቅህን ጠባቂዎቹ ፊት ቀምሼ አስረክቤ፣ ተመስገን ብዬ እመለሳለሁ።

እህትህ መሰረት
ከዲላ