ስለ ፍፁም ቁርጭምጭሚት

ይድረስ ካይሮ ላለሽው ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ፍፁምስ? አሁንም ከሩዝ በቀር አልቀምስም ይላል? አሁንም ጫማውን አውልቆ ይሮጣል? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ እዚህ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈርም መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ለዚህ ግን ወረቀት አላስጽፍም።

የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ሀብተሚካኤል ነው፣ አስተማሪ የነበረው። ያልኩትን ብቻ ጻፍ፣ አታሳምርልኝ ብዬዋለሁ። ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። ድምፅሽን ከሰማሁ እዋሻለሁ፣ ለዚህ ነው። ወረቀቱን ወደዚያ የምትመጣው የኔነሽ ታደርስልሻለች።

ነገሩ የዚህ ሰፈር ወዳጅሽ የነበረችው የማዘንጊያ ነው። ሁለታችሁም እንዲህ ያለ ልጅ ወልዳችሁ፣ ስልክ ላይ ያንን የእናቶች ገጽ አብራችሁ ስትከፍቱ፣ ሰው ጓዳ የደበቀውን ልጅ ሁሉ ደጅ ስታወጡ ኮርቼብሽ ነበር። ሀብተሚካኤል "ኦቲዝም ይበሉ አባባ" ይለኛል። እኔ የልጁ ነገር ነው የምለው። ከዚያ በአንዲት ቃል ተጣላችሁ። እሷ "ልጄ ይድናል" ብላ ጸበል ወሰደችው። አንቺ "በሽታ አይደለም፣ ምኑ ነው የሚድነው?" አልሽ። እስከዚህ ክርክር ነው፣ ደግ። ግን "የጸበል ደላላ" አልሻት፤ የእሷ ሰዎች "የስልክ ሐኪም" አሉሽ። ባሏ ጥሏት የሄደ አሉሽ፤ ያንቺዎቹ ደግሞ በልጇ ልትለምን ነው አሏት። ሀብተሚካኤል ሲያነብልኝ በቃ፣ ኸላስ፣ ዝጋው አልኩት። ገበያ ያሉት የባለ ሦስት እግር ረክሻ ነጂዎች እንኳ እንዲህ አይሰዳደቡም፣ ወላሂ።

በመጨረሻ ያን ፎቶ አወጣሽ። ፍፁም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ያነሳሽውን፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእስር ምልክት ያለበትን። "ይቺ ሴት የሰው ልጅ ታስራለች" ብለሽ በድምፅሽ ተናገርሽ። ማዘንጊያ ቤት የሚውሉ ስድስት ልጆች ነበሩ። በአንድ ሳምንት እናቶቻቸው ወሰዷቸው። አሁን የቀራት የራሷ ልጅ ብቻ ነው። ስታልፍ ሴቶች ምራቃቸውን ይተፋሉ።

ልጄ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እዚህ አገር ለምጄ ራሴ ላይ በምጠመጥመው ኢማ፣ ከአልጋው እግር ጋር። አንቺ ባሕሪ ከተማ ሥራ ላይ ነበርሽ። መንገድ ወጥቶ ረክሻ እንዳይገጨው ብዬ ነው። ይህን ሰርዝ አልኩት፤ ሀብተሚካኤል ይቆይ አለኝ። ይቆይ እንግዲያ፤ ግን የረክሻው ነገር ውሸት ነው። የዕድሩ ሰዎች ዳኛ ሊያደርጉኝ እየመጡ ነበር። ልጁ እጁን እያርገበገበ፣ እየጮኸ እንዲያዩት አልፈለግሁም። አሰርኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሻይ ቀዳሁላቸው። ከውስጥ ሲያለቅስ የጎረቤት ልጅ ነው አልኳቸው። ዳኛ አደረጉኝ።

ሲሄዱ ፈታሁት። ለቅሶውን አልተው ሲል ማዘንጊያ ጋ ወሰድኩት፤ ማባበሉን ታውቅበት ነበር። አንቺ ከሥራ ስትመለሺ ከእሷ ቤት ወስደሽው እግሩን አየሽ፣ ጠየቅሽኝ። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከማዘንጊያ ቤት አይደል የመጣው?" አልኩሽ። ያን ጊዜ ወዳጅሽ ነበረችና ዋጥሽው። እኔም ዋጥኩት፣ ይኸው ስድስት ዓመት።

እኔንም አባቴ ያስረኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከበሮ ሲመታ ጆሮዬን ይዤ እወዛወዛለሁ፣ የሰው ዓይን ማየት አልችልም። ከምሰሶ ጋር ታስሬ ነው ዝም ማለት የተማርኩት። እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ከበሮ ሲነሳ ወደ ውጭ እንደምወጣ ታውቂያለሽ። ይህን ለምን እንዳነሳሁት እንጃ። ብቻ ይጻፍ።

ሰኞ ዕለት ማዘንጊያ ጋ ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳት፤ ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩም። ሰሃን እያጠበች "አውቃለሁ አባባ" አለችኝ። ያን ቀን ልጁን ሳመጣው ራሴ ባዶ ነበር አለችኝ፣ ኢማዬን ጨምድጄ በእጄ ይዤው ነበር። የልጁንም እግር አይታለች። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲሰድብሽ ለምን አልተናገርሽም ብላት፣ "ብናገር ልጅዎ ፍፁምን ዳግመኛ ታሳይዎታለች? ከእሱ ሌላስ ማን አለዎት?" አለችኝ። ማን ጠየቀሽ ብዬ ተቆጣሁ። ልወጣ ተነሳሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ። ልጇ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለታችንም ግድግዳውን ስናይ ቆየን።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ይህን ወረቀት በዚያው ገጽ፣ እሷን በከሰስሽበት ድምፅ አንብቢው። አንድ ሽማግሌ እንዳትዪ፤ አባቴ በዪ፣ ስሜን እስከ አያቴ ጥሪው። ስለ ጸበሉ አልፈርድም፣ በእሱ ተከራከሩ። በዚህ ግን ንጹሕ ናት። ልጆቹ ወደ ቤቷ ይመለሱ። የዕድሩን ሰዎች ደግሞ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ በፊታችን እሑድ።

ፍፁምን ከእንግዲህ አላሳይህም ብትዪ አልለምንሽም። ልጅ ነው ይረሳል ብለሽ ግን ለእኔ ብለሽ እንዳታመጪው። የታሰረ አይረሳም።

እመቤቴ ማርያም ያንቺን ደጅ ትጠብቅ። የልጄን ልጅ እግር ሰፊ ሜዳ ላይ ታሩጠው፤ የሚከለክለው አይኑር።

ሀብተሚካኤል "በደለኛው አባትሽ ብዬ ልጨርሰው?" አለኝ። አባትሽ ብቻ በል፣ የቀረውን እሷ ከፈለገች ትጨምረው አልኩት።

አባትሽ