ስሙን ሳንጠይቅ ከበረዶ ላወጣነው ሊቀመንበር

ለክቡር ቬሊዛር ግሩዪች
የፖድጋይ ወረዳ ምክር ቤት ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የእግርዎ ጣቶች እንዴት እንደ ሆኑ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ስንለያይ ደማቸው ገና መመለሱ ስለ ነበር ሐሳባችን ሁሉ እዚያው ላይ ቀርቷል። ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለዚያች ስስ የቆዳ ጫማዎም ጭምር ጤና እመኛለሁ። እኛ ግን፣ ደኅና ነን ብዬ እንዳልዋሽዎ፣ ከማክሰኞ ወዲህ የበላነው አልረጋልንም። ሕመም አይደለም፤ ማቅለሽለሽ ነው። እርስዎ ሥርዓት የሚወዱ ሰው መሆንዎን በቅርቡ ስለ ተረዳሁ፣ ምክንያቱን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ጥሪው እናመሰግናለን። በመንደራችን በስቱዴኖ ብርዶ ቆሞ የሚከርመው በረዶ ጠራጊ መኪና ወደ ከተማ ሊዛወር መታሰቡን፣ ተቃውሞ ያለው ሰው ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በምክር ቤቱ አዳራሽ ተገኝቶ እንዲናገር፣ ያልተገኘ እንደ ተስማማ እንደሚቆጠር አስታውቀውናል። ይህን ሁሉ ያሰቡልን በጥር መካከል መሆኑ ልዩ ደግነት ነው። መኪናው ለእኛ ምን እንደ ሆነ ምናልባት አልሰሙ እንደ ሆነ፣ የልጅ ልጄ ኦግኔን የተወለደው በዚያው መኪና ጋቢና ውስጥ ነው፤ ሹፌሩ ራደንኮ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የምራቴን የስላቪያንካን እጅ ጨብጦ ወደ ሆስፒታል ሲከንፍ። ስላቪያንካ አሁንም ነፍሰ ጡር ናት፤ በየካቲት ትወልዳለች፤ ባሏ ደግሞ ኦስትሪያ ውስጥ የሰው ቤት ይገነባል። ስለዚህ ለመሄድ የተነሣሁት ስብሰባ ናፍቆኝ አይደለም።

፪. ስለ መንገዱም ምስጋና ይገባዎታል። መንገዳችንን የሚጠርግልን መኪና፣ ለስብሰባው ክብር ሲባል፣ የአዳራሹን ደጅ እንዲያሳምር ከእሑድ ጀምሮ ወደ ከተማ ተጠርቶ ነበር። እኛም ሦስት ሆነን፣ እኔ፣ ጎረቤቴ ቦጎሳቭ ከነአሮጌ ላዳው፣ እንዲሁም መንደሩ ሁሉ ስለ አንደበቷ የሚፈራት ባልቴቷ ሚሉንካ፣ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ውሽንፍሩ ሰማዩንና መሬቱን አንድ አድርጎታል። የላዳው የመስታወት መጥረጊያ ከሠራ ዓመታት ስላለፉት ቦጎሳቭ የሚነዳው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ መንገዱ ጨርሶ ጠፋ፤ ሚሉንካ የሟች ባሏን ካፖርት ደርባ ወረደችና በዱላዋ እየዳበሰች ፊት ፊት ትመራን ጀመር። አንዱን የበረዶ ክምር ቆፍረን ስንጨርስ ሌላው ይጠብቀናል። እንደዚያም ሆኖ በሰዓቱ እንደርስ ነበር፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ።

፫. የሚሉንካ ዱላ ድንገት ብረት መታ። የመኪና ጣራ ነበር። በአካፋም በእጃችንም ቆፍረን፣ ከሸንተረሩ ማዶ ካለው የአደን ቤት ሲመለሱ በረዶ የዋጣቸውን አንድ ጌታ አወጣን።

በእኛ አገር ከበረዶ የወጣ ሰው ሳይሞቀው ስሙ አይጠየቅም። ጠላትም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሰው ነው። ቦጎሳቭም የራኪያ አረቄውን አቅርቦ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ጉሮሮህን አርጥብ፤ ስምህ እንደ ሆነ የትም አይሄድም» አለዎት። ለምሳችን የቋጠርነውን የአይብ ፒታ በሉ፤ ሁለተኛውንም በሉ፤ ይባርክልዎ። ሚሉንካ ጫማዎንና ካልሲዎን አውልቃ እግርዎን ካፖርቷ ውስጥ ወሽቃ፣ በሆዷ ሙቀት አሟሟቀችልዎ። እያሻሸችም፣ ወሬ አይቀርምና፣ የት እንደምንሄድ ነገረችዎ። «ያ ሊቀመንበር የሚሉት ጉድ በረዶ ጠራጊያችንን ሊወስድብን ነው፤ ዛሬ ፊት ለፊት ቆሜ ልክ ልኩን ነው የምነግረው» አለች።

እርስዎም፣ እግርዎ እዚያው ሆዷ ላይ እንዳለ፣ «እውነትዎን ነው እናቴ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ብዙ ባለሥልጣን አይቻለሁ፤ የሚሰርቅም፣ የሚሳደብም። በሰው ሆድ ላይ እግሩን እያሞቀ፣ እንደማያውቀው ሆኖ የገዛ ራሱን አብሮ የሚያማ ግን አላየሁም ነበር። ተጸይፌዎታለሁ፤ ከዚህ የሚለሰልስ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

ከዚያ የመኪናዎ ጎማ በበረዶ ከመንሸራተት የሚያግደው ሰንሰለት እንደሌለው አይተው ያዘኑ መሰሉ። «የእናንተን ብታውሱኝ ቀድሜ ልድረስና፣ ሳትመጡ እንዳይጀምሩ እነግራቸዋለሁ» አሉን። ቦጎሳቭ በባዶ እጁ፣ ብረቱ ቆዳውን እየላጠው፣ ሰንሰለቱን ከላዳው ፈትቶ ለእርስዎ አሰረልዎት። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ካራጁ ውሎ ሰንሰለት አበድሮ የሸኘ በሬ ግን እኛ ሳንሆን አንቀርም።

፬. ያለ ሰንሰለት እየተንሸራተትን፣ አንዴ ቦይ ውስጥ፣ አንዴ አጥር ላይ እያረፍን አዳራሹ ስንደርስ ወንበር እየተነባበረ ነበር። የሆነውን የነገረን የባለቤቴ ዘመድ፣ ዘበኛው ኦብራድ ነው። ልክ በአራት ሰዓት ደወሉን መትተው፣ «ከስቱዴኖ ብርዶ የመጣ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ አሉ። ስለ ጠየቁን እናመሰግናለን። የት እንዳለን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረምና ጥያቄው የትሕትና ጥያቄ ነው። ዝም ሲባልም፣ «ለገዛ ጉዳያቸው ከአልጋ ያልወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ተስማምተዋል ማለት ነው» ብለው እጅ አስወጡ። ካልሲዎ በዚያ ሰዓት ማሞቂያው ላይ ተሰጥቶ ይደርቅ ነበር አሉ፤ የማን እጅ እንዳወለቀው ካልሲው ያውቃል።

ስንወጣ መኪናዎ በተጠረገው ደጅ ቆሟል፤ ሰንሰለታችንም ጎማው ላይ ነበር፤ ከበረዶ ያወጣነው ማንን እንደ ሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። ቦጎሳቭ ሊፈታው ጎንበስ ሲል ሌላ የጥበቃ ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ፣ «የመንግሥት ንብረት አትንካ» አለው። ሚሉንካ፣ ያቺ ልክ ልክዎን ልትነግርዎ የወጣች ሴት፣ ቤታችን እስክንገባ ቃል አልተነፈሰችም። ቦጎሳቭ የራኪያውን ኮዳ ገደል ወረወረው። «ከእንግዲህ በዚህ ማን አፉን አኑሮ ይጠጣል?» አለ።

በማግስቱ መንደሩ ተሰበሰበ። ከእንግዲህ በረዶ ውስጥ ያገኘነውን ሰው አስቀድመን ስሙን እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ብዙ ሰውም ደገፈው፤ እኔም እጄን አነሣሁ። ያኔ ሚሉንካ ዝምታዋን ሰበረች። «እሱ ሰውነቱን ጣለ ብለን እኛም ልንጥል ነው? በኔ በኩል አይደረግም» ብላ ተቀመጠች። እጃችንን አንድ በአንድ አወረድን። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ወደ አደን ሲመላለሱ አይስጉ፤ ዳግመኛ ቢቀበሩ እናወጣዎታለን፤ እግርዎም ይሞቃል። ፒታው ላይ ግን ቃል አልገባም።

ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ካልሲዎም እንዲደርቅ እየተመኘሁ፣ ከአልጋው እንዳልወረደ የተመሰከረለት ታዛዥዎ፣

ራዶይኮ ስታማቶቪች
ከስቱዴኖ ብርዶ

የተረሳ ነገር፦ ሰንሰለቱን አይመልሱልን፤ ጎማዎ ላይ ይቆይ። ምራቴ በየካቲት ምጥ ሲይዛት በረዶ ጠራጊው እርስዎ ደጅ ስለሚሆን በቦጎሳቭ ላዳ እናወርዳታለን፤ ያለ ሰንሰለት የት ድረስ እንደምንሄድ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ከአደን ሲመለሱ ሜዳው ላይ በረዶ የዋጠው መኪና ቢያዩ እንደ አገሩ ልማድ ስም ሳይጠይቁ ቆፍረው ያውጡ። ስም ካልሰማሁ አልቆምም ካሉ ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ስሟ ስላቪያንካ ነው፤ የሕፃኑ ስም ገና አልወጣም።