የጋራ ጓደኛ፦ ታደሰ

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ከቀኑ 5 ሰ.። መብራት የለም። ጉርድ ፎቶ የሚነሡ ልጆች በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ለፓስፖርት። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ለሌላ ነገር ፎቶ የሚነሣ ጠፍቷል። ጾሙም ዛሬ ገባ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ሆዴ ይጮኻል። ይኸው አንተን ከፈትኩህ፣ ደብተር። ሥራ ስፈታ ብቻ የማስታውስህ ወዳጄ።

9 ሰ.። መብራት መጣ። ልጆቹን አንሥቼ ሸኘሁ። ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት።

ሰዒድ ሞቷል። ሪያድ። የሚነዳው መኪና ተገልብጦ። ፌ/ቡክ ላይ ነው ያነበብኩት፣ ይመር ከሚባል የደጎሎ ልጅ ገጽ። ጥቁር ክፈፍ፣ «አላህ ይርሐምህ ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ፣ መሐሉ ላይ የሰዒድ ፊት። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እዚችው ወንበር ላይ፣ ሊሄድ ሲል። ኮሌታውን ያስተካከልኩለት በዚህ እጄ ነው።

አብሮ አደጌ ነው። እናቱ እትዬ ሐዋ ቤታቸው ከፎቶ ቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ። አሁን በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ሲሉ አዩኝ። እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝ። እኔም አነሣሁ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ጠዋት ሐጂ ሁሴን ዘንድ። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል የሁሉም። ሰምተዋል፤ ከሪያድ ተደውሎላቸዋል። ቀብሩ እዚያው አልቋል። መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው አሉ። የእትዬ ሐዋ ወንድም ሼህ እንድሪስ ከከላላ መምጣት አለባቸው፤ መልእክተኛ ሄዷል፣ አጨዳ ላይ ናቸው። እናት ደም ግፊት አለባቸው፤ ያለ ወንድማቸው መርዶ አይረዱም። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

ልክ ናቸው። መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ። እንጂ እንደኔ ብቻውን፣ ስልክ ላይ አፍጥጦ አይደለም።

ስለ ፌ/ቡክ ነገርኳቸው። ሬዲዮ ነው እንዴ አሉኝ። ይብሳል አልኩ። እንግዲያስ አንተ ታውቅበታለህና ዝም አሰኘው ብለው መቁጠሪያቸውን ያዙ። በቃ፣ ዝም ማሰኘት የኔ ሥራ ሆነ።

ጭንቄ እናትየዋ አይደሉም፤ ከስልክ አረንጓዴዋን ከመጫን በቀር አያውቁም። ዘይነባ ናት። የሰዒድ ታናሽ፣ የመሰናዶ ተማሪ። ፌ/ቡክ የከፈትኩላት እኔ ነኝ፤ ለምና ለምና ስታሰለቸኝ። ለወንድሟ እንዳልነግር አስምላኛለች። ሰዒድ የሴት ልጅ ቦታ አይደለም ባይ ነበር። ራሱ «የቦረናው» ብሎ፣ የመኪና ፎቶ ለጥፎ ፌ/ቡክ ላይ እንዳለ ደግሞ እሷ አታውቅም። ሁለቱም እኔን አስምለው ሁለቱም ተደባብቀው። ሲያስቀኝ ኖሯል። ያሉት ጓደኞቿ የክፍሏ ልጆችና እኔ ብቻ ነን፤ ገና ያላየችውም ለዚህ ነው። ግን እዚህ ከተማ ሪያድ ሰው የሌለው ማን አለ? ዛሬ ባታይ ነገ አንዱ ያሳያታል። ጽሑፎቹን ከምንጫቸው ማድረቅ አለብኝ።

ችግሩ፣ ጓደኛ ካልሆኑ የሚጽፉት መልእክት «ሌላ» የሚል ጓዳ ገብቶ ይቀራል፤ ባለቤቱ አያየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ጓደኛ መሆን። እኔ! ጓደኛ የሚሰበስበውን ሁሉ ቆራሌው እያልኩ ስስቅበት የኖርኩት ሰውዬ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ቀኑን ሙሉ የጓደኝነት ሪኩዌስት። ደንበኛ መለስኩ፣ ታምሜያለሁ ብዬ።

ይመር ተቀበለኝ። ያለን የጋራ ጓደኛ ሰዒድ ብቻ ነው። ሟች አስተዋወቀን። ከይመር ወደ ጓደኞቹ፣ ከእነሱ ወደ ጓደኞቻቸው። አንዱ ሲቀበለኝ ለሌላው ዋስ ይሆነኛል። የጋራ ጓደኛ ሲበዛ ዓይኑን አይቼው የማላውቀው ሰው ሁሉ «ወንድሜ፣ ሰላም ነህ?» ይለኛል። ስማቸውስ! «ፍቅር ያሸንፋል» ይባላል አንዱ። እየሳቅኩ ላክሁለት። ሳቄ ራሴን አስጠላኝ።

«ስደት ይብቃ» ቤሩት ያለች የወረኢሉ ልጅ ሆነች። ነገሩን ስነግራት ስለ ሰዒድ የለጠፈችውን ወዲያው አጠፋች። የእናቷን ሞት የሰማችው በስልክ ነው፤ የሰው ቤት ድስት እያጠበች። ስልኩን ዘግታ እጥበቷን ቀጠለች። ዞር ብሎ ምን ሆንሽ ያላት የለም። ለሌሎቹም እኔ እጽፍላቸዋለሁ አለች፣ ጻፈችም። እግዜር ይስጣት።

ይመር ግን እምቢ። ከሰዒድ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ። አጥቦ ገንዞ የቀበረው እሱ ነው። «ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው የለም፤ በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ የማለቅሰው እዚህ ገጽ ላይ ነው፤ እሱንም ልትቀማኝ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስንጨቃጨቅ ቆይተን ተስማማን። ጽሑፉንና ጥቁሩን ክፈፍ ያነሣል፤ ፎቶው ግን ከስሙ ጎን የሚታየው የፕሮፋይል ፎቶው ሆኖ ይቆያል። የክፍላቸው ሌሎች ሁለት ልጆችም እንደዚያው። ፎቶ ብቻውን ምን አፍ አለው ብዬ። ደግሞ ልዋሽህ አልችልም፣ መቆየቱን ወደድኩት። ጥሩ ፎቶ ነው። ዓይኑ ይስቃል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ፌ/ቡክ ቀጣኝ። ይህን ሰው ከዚህ ውጭ ታውቀዋለህ ወይ ይለኛል። አላውቀውም፣ አንዳቸውንም አላውቅም። ሪኩዌስት መላክ ተከልክያለሁ። ይከልክለኝ፤ ጨርሻለሁ። ዞሬ ዞሬ ፈለግኩ፤ የቀረ ጽሑፍ የለም። ሐጂን ከሶላት ሲወጡ አግኝቼ ጸጥ አለ አልኳቸው። መረቁኝ። ሼህ እንድሪስ ነገ ሲመሽ ይገባሉ።

ከሰዓት እትዬ ሐዋ ቆሎ ላኩልኝ፣ ጾመኛ ነህ ብለው። በላሁት። ሰዒድ ጁምዓ ጁምዓ ይደውል ነበር፣ ያለፈው ጁምዓ ቀረብኝ፣ ልቤ ተሰቅሏል፣ አንተ በዚያ ነገርህ አላገኘኸውም ወይ ብለው አስጠየቁኝ። ኔትወርክ ነው አልኩ። ሌባ እንኳ እንደኔ ዓይኑን አይሰብርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19
10 ሰ.። ካልጻፍኩ የምጮህ መሰለኝ።

ዘይነባ ከት/ቤት እየሮጠች ገባች። «አያ ታደሰ! አያዬ ፌስቡክ ከፍቷል! አንተማ ታውቅ ነበር!» አያዬ የምትለው ሰዒድን ነው። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

ልታውቂያቸው የምትችያቸው ሰዎች፣ ይላል። ሦስት የሰዒድ ፊት፣ በተርታ። በይመር ስም፣ በሁለቱ ልጆች ስም። ከእያንዳንዱ ሥር፦ የጋራ ጓደኛ፣ ታደሰ።

እኔ ነኝ። እኔ ባልገባ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚያገናኛት ነገር አልነበረም። በሁለት ቀን ድልድይ ሠራሁላት። ጽሑፉን ሁሉ አስጠርጌ ፊቱን ብቻ አስቀረሁላት። ጽሑፉ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ እውነቱን ታነብ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ? እኔ በእግሬ ሄጄ ጠራሁት።

ትስቃለች። እኔን ከልክሎ እሱ በሦስት ስም! ያችን ያንተን ፎቶ፣ ሌላ የለውም እንዴ? ለሦስቱም ሪኩዌስት ልካለች። ኢንቦክስም ጽፋለች፣ ያዝኩህ ብላ። «ቢቆጣም ወላሂ ይቀበለኛል» አለች። ቤት ገብታም ለእናቷ አሳይታለች። እትዬ ሐዋ ስክሪኑን ስመው አልሐምዱሊላህ አሉ። ያልደወለው ለካ በዚህ ተጠምዶ ነው፣ ደኅና ነው ብለው።

ለይመር ጻፍኩ፦ አትቀበላት፣ አትመልስላት። አላየውም። ሥራ ላይ ነው። ለሁለቱም ጻፍኩ፤ እነሱም የሉም። ከሥራ ሲወጡ መጀመሪያ የሚከፍቱት ስልክ ነው። በፊቷ ፈንታ አበባ ለጥፋለች፤ እህቱ መሆኗን በምን ያውቃሉ? አዲስ አልቃሽ መስላቸው ይቀበሏታል፣ ያጽናኗታል።

ሐጂ ጋ ሮጥኩ። አንድ ሌሊት ነው፣ ያዛት፣ ስልኳን ደብቅ አሉኝ። የሷን ብደብቅ የክፍሏን ልጅ ስልክ ምን ላድርገው? እናትየዋን ግን ጠብቁልኝ አልኳቸው፣ ወንድማቸው ሳይደርስ እንዳይሰሙ። ለዘይነባ እስከ ነገ አልጠብቅም፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ አልኩ። ተቆጡ። ወጥቼ መጣሁ።

11 ሰ. ተኩል። ስልኳ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ቻርጅ ላይ ነው። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በየደቂቃው ታየዋለች። ምን ትጽፋለህ አለችኝ፤ ሒሳብ አልኳት። ለባለቤቴ ለአልማዝ ደውያለሁ፤ የዘይነባን አክስት ከድጃን ይዛ በጓሮ በር እየመጣች ነው። እትዬ ሐዋ እንዳይሰሙ የፊቱን በር ዘጋሁ። ምነው መሸ እንዴ አለች፣ ገና እየሳቀች።

ሰዓቱ ጎህ አይደለም። ሽማግሌ የለም። የሚይዟት ሁለት ሴቶችና እኔ ነን፤ በዚህ ይብቃ። ሐጂ ይቆጡኝ። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ትጥላኝ። ግን ከስልክ ሳይሆን ከሰው አፍ ትሰማለች።

የጓሮው በር ተንኳኳ። ስልኳም በራ። አገላብጬ በፊቱ ደፋሁት። ዘይነባ እጇን ዘረጋች፣ እጇን ያዝኩ፣