አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ኮኛክ

«አባዬ እኮ በየቀኑ ግማሽ እየሆነ ነው» ብላ ልጄ ለወንድሟ በስልክ ስትነግረው ከኮሪደሩ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው፤ በየቀኑ ግማሹ የሚነሣበት ነገር ምንም ቢያንስ ዜሮ ላይ አይደርስም። ስለዚህ የምናዘዘው ለመሞት ቸኩዬ ሳይሆን፣ የተረፈው ክፍሌ የሚፈርም እጅ እያለው ነው።

እኔ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ ተማሪዎቼ «ጋሽ ግማሽ» የሚሉኝ፣ ዛሬ ሐሙስ መጋቢት ፲፪ ቀን፣ አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በጎረቤቶቼ በጫማ ሰፊው፣ በፀጉር አስተካካዩና ይህን በሚጽፈው ፖስተኛ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ።

መጻሕፍቴ ለፖስተኛው ይሁኑ። የተዋሳቸውን እስከ ዛሬ ስላልመለሰ የቀሩትም ከወንድሞቻቸው አይለዩ።

ቀጥሎ ስለ ኮኛኬ። የኪስ ጠርሙሴን የምትይዘው ልጄ ናት። ማታ ግማሹን እጠጣለሁ፤ ጧት እስከ አንገቷ ሞልታ አገኛታለሁ። በመጀመሪያው ማታ ጉሮሮዬን ለበለበኝ። በሦስተኛው ኮረኮረኝ። ዛሬ ጠርሙሷ ለአምስተኛ ጊዜ ከተሞላች በኋላ ብጎነጭ ምንም አላለኝም። ግማሹ ተጠጥቶ በውሃ ሲተካ፣ ከአምስት ሙሌት በኋላ የሚቀረው ኮኛክ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ነው። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ፣ መልሱን በምላሴ ያረጋገጥኩት ገና አሁን ነው።

«አባዬ ሙት! ከሱቅ ኮኛክ ገዝቼ ነው የሞላሁት» አለች ልጄ። ይጻፍላት።

«ጋሼ፣ ልጅቷን እመናት እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ጭንቅላቴን ከውጭ ያበላሸው ይበቃዋል፤ ወደ ውስጥ አይግባ።

ቤቱ ዘጠና ስድስት ካሬ ሜትር ነው። ሰባት ዓመት ያስታመመችኝ ልጄ ናትና እስከ ትናንት በሙሉ የእርሷ ነበር። አሁን በሰፈረችው ቁና ይሰፈርላት፦ አምስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ ተከፍሎ ሦስት ካሬ ሜትር ይድረሳት። መጥረጊያና ባልዲ የምናስቀምጥባት ጓዳ ልክ ትመጣለች። የቀረው ለወንድሟ። ዓመት ሙሉ ደጄን ስላልረገጠ ውሃ ጨመረ ተብሎ አይጠረጠርም።

ምክሬም ይህ ነው፤ ልጆቼ፣ ለሽማግሌ የምትሰጡትን ከነፈጋችሁ ጨርሳችሁ ንፈጉት እንጂ አታቅጥኑበት።

የተናዛዡ ፊርማ (ጥቂት የተንጋደደ)

እኛ ሦስት ምስክሮች ቃሉን ከአፉ ሰምተን፣ ሲፈርም አይተን ፈርመናል። ከዚያ በኋላ ተናዛዡ «እስቲ ቅመሱና ፍረዱ» ብሎ ስለሰጠን ከጠርሙሷ በየተራ ተጎነጨን። ጫማ ሰፊውን ሳል ያዘው። ኮኛኩ ውሃ የለበትም።