በነገው ሰንበት ማን ያነባል?

ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለራሴ መጻፉም ያሳፍረኛል፤ ዛሬ ጋሼ ተድላ ሲስቁብኝ ሸሽቼ ጓዳ ገባሁ።

አባዬ የአይሁድ ጸሎት ቤታችን መሪ፣ ራቢ ነው። በዚህ ሳምንት አላረፈም። ሰኞ አንዲት እናት ቀበረ፤ እስከ ረቡዕ ድረስ ሸጎሌ ሰፈር ካለው ለቅሶ ቤት እየተመላለሰ ጸለየ። ትናንት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ሲያስታርቅ ከሁለቱም በላይ ጮኸ። ዛሬ ጠዋት ድምፁ ተዘጋ። ነገ ሰንበት ነው። ኦሪትን በዕብራይስጥ የሚያነብ ከእሱ ሌላ እኔ ብቻ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ያስተማረኝም ራሱ ነው።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ነገ ማን እንደሚያነብ ሊጠይቁት ሲመጡ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። ከመካከላቸው ጋሼ ተድላ ሳቁ።

«ኧረ ራቢ! ይቺ ልጅ እኮ ‹ደህና አደሩ› ስትል እንኳ ድምጿ አይሰማም። ደግሞስ ሴት ልጅ? ሳይነበብ ይቅር!»

«አይቀርም» አለ አባዬ በሹክሹክታ። «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አንገቴን ደፍቼ ጓዳ ገባሁ። እዚያ ግን ንዴቴ መጣ። የነገውን ምንባብ ከፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ግድግዳችን ቀጭን ነው፤ ሁሉም ሰምተዋል። ስወጣ ጋሼ ተድላ አልሳቁም፤ ግን እሺም አላሉም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል። በሰንበት አይጻፍምና ቶሎ ልጨርስ። ነገ ማንም እስኪጠራኝ አልጠብቅም። አባዬ ኦሪቱን ሲከፍት ተነስቼ አነባለሁ። ጋሼ ተድላ ካልፈለጉ ይውጡ።