«ልብላህ» ያልኩት ሕፃን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ የውብዳር፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አለፈው? ልጄን አበባንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጢቾን ብርድም ለመድኩት። ደህና ነኝ ያልኩት ግን ለሰላምታው ያህል ነው እንጂ፣ እማዬ፣ ፈርቻለሁ። ይህን የሚያነብልዎት ወንድሜ ፍሰሐ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ አበባ እንዳትሰማ።

ባለፈው ሳምንት ጉቱ የሚባል ገበሬና ሚስቱ ሳንባው የታመመ ሕፃን ወደ ክሊኒካችን አመጡ። ፔኒሲሊን ወጋሁት። ሲያለቅስ አንጀቴን በላውና፣ እርስዎ አበባን እንደሚሏት፣ ጉንጩን ይዤ «ስታምር! እኔ ልብላህ» አልኩት። እናቲቱ ከገበያ የለቀመቻት አማርኛ ጥቂት ናት፤ መብላትን ግን ታውቃለች። ልጇን ከእጄ ነጥቃ ወጣች። መርፌው ደግሞ በየቀኑ ካልተደገመ ልጁ አይተርፍም።

ነገሩን ያስረዳኝ ዘበኛችን አብዶ ነው። እዚህ ቡልጉ የሚሉት ሰው በላ አለ፤ የእኛው ጭራቅ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ቡልጉ መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። አንዷ ጅራት አለው ትላለች፣ ሌላዋ አፉ ማጅራቱ ላይ ነው ትላለች። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ከሩቅ አገር መምጣቱና ሕፃኑን ሳያቆላምጥ የማይበላ መሆኑ ነው። እርስዎ ያስፈራሩኝ የነበረው ጭራቅ ከወንዙ ማዶ የሚመጣ፣ ቋንቋው የማይታወቅ ነበር፤ ያስታውሳሉ? የእነሱ ቡልጉ ግን አማርኛ ይናገራል።

አሁን ገበያ ስወጣ እናቶች ልጆቻቸውን በልብሳቸው ይሸፍናሉ። ያ ሕፃን ከሞተ በላችው ነው የሚባለው። ለራሴም ፈራሁ፣ ከራሴም ይልቅ ለእሱ።

በአብዶ በኩል ብዙ ካስለመንኩ በኋላ ትናንት ጉቱ ልጁን ታቅፎ መጣ። ከአጥሩ ሳያልፍ፣ አብዶ እየተረጎመለት፣ «ትውጋው፤ ግን አታናግረው» አለ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅልዬ ወጋሁት። ገላው እንደ እሳት ያቃጥላል። እያየኝ ሲያለቅስ አይዞህ እንኳ ማለት አልቻልኩም። ዛሬም አምጥቶት ነበር፤ ትኩሳቱ አልበረደም። ነገ ያመጣው ይሆን እያልኩ ከወዲሁ መንገዱን አያለሁ።

ለፍሰሐ፣ ለአክስቴ ለአበራሽ፣ ለንስሐ አባታችንም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሕፃኑንም በጸሎት ያስቡልኝ። ለአበባ በየደብዳቤዬ መጨረሻ «እናትሽ ልብላት ብላለች» ይበሉልኝ እል ነበር። ዛሬ እጄ ያንን ለመጻፍ ፈራ። እንዲያው ዝም ብለው ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ውድነሽ
ጢቾ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.