የእማዬ ሦስት እርምጃ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ። ናፍቆትሽ ባይበረታብን ሁላችንም ደህና ነን።

እንደየዓመቱ የእማዬን ዘፈን ቀርጬልሻለሁ። ስቱዲዮ የሚመጡት ደንበኞቼ ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሁንልን እያሉ ያደርቁኛል፤ የእሷን ግን መቼም አልነካም። ታስታውሺያለሽ፣ ድምጿን ከፍ ልታደርግ ስትል ቀረጻው እንዳይበላሽ በእጄ ምልክት ሰጥቼ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እመልሳት ነበር። ዘንድሮ ወንበር አመጣሁላትና ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋሁት።

ስትጨርስ "ዛሬስ አንዴም አላባረርከኝም!" ብላ ሳቀች።

"ለመድሽው እኮ" አልኳት።

የዓመት ፈቃድሽን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከምታቆዪው አሁን ብትወስጂው ምን ይመስልሻል? ክፍልሽን ቀለም ቀብቼዋለሁ።

የእሷ ሰላምታ ከዘፈኑ ቀጥሎ አለ። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተሽ ስሚው።

ታናሽ ወንድምሽ